በመኝታ ክፍልሽ የበቀለው ማሳ

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? አንቺስ፣ ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናችሁ? ያ ትከሻሽ ላይ የሚወጋሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በቀኝ ጎንሽ መተኛት ይከለክልሻል? ትልቋ ልጅሽ ጥርሷ ተስተካከለላት? ትንሹስ አሁንም ጫማ የሚባል ነገር እግሬ አይነካም ይላል? የፎቁ አሳንሰር ተሠራላችሁ ወይስ እስካሁን ዘንቢልሽን አንጠልጥለሽ ደረጃውን ትወጫለሽ? ይህን ሁሉ በጽሑፍ የምጠይቅሽ ስትደውዪ እማዬ ስልኩን ስለማትለቅልኝ ነው። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ካለው አፈር በቀር ምንም አላስቸገረኝም። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ አፏን ግን አያማትም። አባዬም ደህና ናቸው። እንዲያውም ደህና ማለት ያንሳቸዋል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርጂ ትደርሽበታለሽ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርሽና ተቆጪኝ፣ ከዚያ በሰላም እናወራለን። መኝታ ክፍልሽን ወስጄዋለሁ። አልጋሽ መደርደሪያ ሆኗል። ትልቁን መስታወትሽን ከግድግዳው አውርጄ ከመስኮቱ ትይዩ አቁሜዋለሁ። የብርጭቆ ቁም ሳጥንሽ በሮች ደግሞ... እሱን ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ።

አምና በጸደይ ከችግኝ ነጋዴው የገዛነው የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ምን እንደሆነ ሰምተሻል። ታችኛው ማሳ ላይ ተክለነው ሳይሰነብት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተጠቀለለ፣ ከዚያም ተራ በተራ ሸኘነው። አባዬ ያንን ሁሉ መሬት በዶማ ሲገለብጡ ወገባቸው ተያዘና የብርዱን ወራት ምድጃ ዳር ትራስ ተደግፈው አሳለፉት። ሰው ተኝቶ ሲውል ብዙ ያስባል፤ ብዙ ያሰበ ደግሞ ያኮርፋል። በዚህ መሐል ጡብ ሠሪው ሊጠይቃቸው መጣ። ሻዩን እየጠጣ፣ ታችኛው ማሳ ላይ ያለው አፈር ለጡብ የተፈጠረ ነው አላቸው። አባዬም «ለቲማቲም ካልሆነ እንግዲህ ለጡብ ይሁን» ብለው እጁን መትተው ተስማሙ። በማግሥቱ ጡብ ሠሪው በማሳው አራት ማዕዘን ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ተክሎ ሄደ።

ጡብ ሠሪው ክፉ ሰው አይደለም እትዬ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን ጭቃው የወጣለት መሬት ምን እንደሚመስል ከወንዙ ማዶ አይተነዋል። እንቁራሪት የሚጮኽበት ጉድጓድ ይሆናል፤ ተመልሶ ማሳ አይሆንም። እማዬ ያን ሰሞን አፏን ዘጋች። የእማዬን ዝምታ አትረሽውም መቼም፤ እሷ ዝም ስትል ድስቱና ክዳኑ ነው የሚናገረው።

ደፍሬ አባዬ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። «አንድ ጸደይ ይስጡኝ» አልኳቸው። ችግኝ ከማንም አንገዛም፣ ራሴ ከዘር አፈላዋለሁ፤ ታችኛውን ማሳ ከጥግ እስከ ጥግ ከሞላሁት ችካሉ ይነቀላል፣ ካልሞላሁት ጡብ ሠሪው ይግባበት አልኩ። አባዬ ሻያቸውን እስኪጨርሱ አላዩኝም። ከዚያ «አንድ ጸደይ። እኔን ግን ኑና እዩልኝ እንዳትዪኝ፤ የዚያን ክፍል ደፍም አልረግጥም» አሉና ትራሳቸውን አገላብጠው ተደገፉ። ራዲዮ የምንላት አክስታችን (ባትሪዋ አሁንም አላለቀም) በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበርና፣ እኔ የመጀመሪያውን ዘር አፈር ሳላስነካ አገሩ በሙሉ ውርርዱን አወቀው።

ለምን የእኔ ክፍል ተመረጠ እንዳትዪ። የጠዋት ፀሐይ የሚገባው ያንቺ መስኮት ብቻ ነው። ደግሞም ግድግዳው ከምድጃው ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ ክፍልሽ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። የእንቁላል ካርቶን፣ የእርጎ ኩባያ፣ እጀታው የተሰበረ ጣሳ፣ እቤት ውስጥ ጎድጓዳ የሆነ ነገር ሁሉ ቂጡን በምስማር እየበሳሁ አፈርና ብስባሽ ሞላሁት። ዘሩ እማዬ ካቻምና ከምርጦቹ ቲማቲምና ቃሪያ ለይታ ጋዜጣ ላይ ያደረቀችው ነው። ሁሉንም ልዘራው ስል «እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ለክፉ ቀን ይቀመጥ» ብላ ግማሹን ነጠቀችኝና ደበቀችው። የት እንደደበቀችው አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃትም አትነግረኝም።

በቀሉልኝ! አንገታቸውን ደፍተው እንደ አዲስ ሙሽራ ብቅ ሲሉ እንዴት እንደሚያምሩ ብታዪ! ብርሃኑ እጥፍ እንዲሆንላቸው ነው መስታወትሽን ትይዩአቸው ያቆምኩት። ራዲዮ ገብታ አየችና «ይኸው ነው የቀረሽ፣ ችግኝ በመስታወት ፊት ልታስውቢ! ነገ ኩል ትገዥላቸዋለሽ» አለችኝ። ባል አላገባሽም ብላ የምትነዘንዘኝም ቀርቷል፤ አሁን የምትለው «አግብታለች፣ ያውም በሺህ የሚቆጠሩትን» ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ሁሉም ተኝተዋል። ደርቀው ቢሆን ባልገረመኝ። ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፣ ግንዳቸው ግን ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጥኖ፣ ቀልጦ፣ ማጭድ እንደዞረበት ሣር ረግፈዋል። ራዲዮ «ዓይን ነው፣ ሰው አይቷቸዋል» አለች። እኔም ላምናት ምንም አልቀረኝ። አንዱን ኩባያ ሳነሳው ግን ከበደኝ። ዘንበል ባደርገው ውሃው ፍስስ አለ። አፈሩ አፈር መሆኑ ቀርቶ ሾርባ ሆኗል።

ቁርስ ላይ ሁሉንም ሰበሰብኳቸው። «ከእኔ ሌላ ማነው የሚያጠጣው?» አልኩ። እማዬ ዳቦዋን እየቆረሰች «እኔማ ትንሽ ብቻ፣ ጠዋት አንቺ ከብቶቹ ጋ ስትሆኚ» አለች። ራዲዮ ደግሞ «እኔም እንደው በዚያ በኩል ሳልፍ አሳዘኑኝ፤ ጠብ ነው ያደረግኩላቸው» አለች። በየምን ያህሉ ነው የምታልፊው ስላት በበሩ ማለፍ ሱስ እንደሆነባት ታወቀ። ሦስት ሰው ሆነን በየቀኑ አጠጥተናቸዋል ማለት ነው። ይህም ሆኖ ያ ሁሉ ውሃ ከሦስታችን የመጣ አልመሰለኝም። ተመልሼ ክፍልሽን ስፈትሽ ከመጋረጃው ኋላ፣ መስኮቱ ላይ፣ የአባዬን የጺም መላጫ ኩባያ አገኘሁት። ከሥሩ ጭቃ አለበት። ይዤው መጣሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

እትዬ፣ አባዬን እንደዚያ ቀልተው አይቻቸው አላውቅም። ኩባያውን አዩ፣ እማዬን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። በመጨረሻ በትንሽ ድምፅ «ጠምቷቸው ነበር» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። ያ ሁሉ የድስት ኳኳታ በአንድ ሳቅ አለቀ። ራዲዮ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እኔ ግን አንድ ዓይኔ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል። ችግኞቼን በፍቅር አስምጠናቸዋል፤ ጊዜውም ሄዷል። ግን ደፉንም አልረግጥም ያሉት ሰው፣ ጎንበስ ማለት የማይችሉት ሰው፣ ጎህ ሲቀድ በእግር ጣታቸው እየሄዱ በመላጫ ኩባያ ውሃ ሲያመላልሱ እንደከረሙ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። አባዬ ያንን ጉድጓድ አይፈልጉትም። ቃላቸውን ግን ማጠፍ አቃታቸው። ችካሉን የሚነቅልላቸው ሰው ነበር የሚጠብቁት።

እማዬ ተነስታ ገባችና የደበቀችውን ግማሽ ዘር ይዛ መጣች። ጊዜው አይደርስም ስላት «አንቺ ጊዜውን ተይልኝ፣ እኔ አስቸኩለዋለሁ» አለች። ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በላዩ ላይ ላስቲክ አድርጋ፣ ሆዷ ላይ በመቀነት አጥብቃ አሰረችው። እናቷ እንዲህ ታደርግ ነበር አለች፤ የሰው ገላ ሙቀት ዘሩን ከአፈር ቀድሞ ያነቃዋል። ከዚያ በኋላ እማዬን ማየት ነበር! አትጎነበስም፣ አትቸኩልም፣ ልታስነጥስ ስትል ሆዷን በሁለት እጇ ትይዛለች። ራዲዮ «በዚህ ዕድሜሽ አረገዝሽ?» ስትላት «አዎን፣ ስም የምታወጪላቸው አንቺ ነሽ፤ አፍሽ ሥራ ያግኝ» አለቻት። አባዬ ደግሞ ወገባቸውን እንደያዙ ባልዲ ይቀበሏታል። «ተይ፣ አንቺ አትሸከሚ» ሲሏት ብትሰሚ! እኛን አርግዛ በነበረ ጊዜ እንዲህ ብለዋት እንደሆነ ብጠይቃት «ያኔ ሥራ ይበዛባቸው ነበር» ብላ አለፈችው።

ጨርቁን ስንፈታው ዘሮቹ ነጭ ጅራት አውጥተው አገኘናቸው። አንድ በአንድ በክብሪት እንጨት ጫፍ እያነሳሁ አፈር ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አሁን ሕግ ወጣ፦ አንድ ማጠጫ፣ አንድ ሰው። ሰማያዊው ሽርጤ በሩ እጀታ ላይ ከተንጠለጠለ ጠጥተዋል ማለት ነው፤ ማንም አይገባም። ሕጉን የሚያስከብሩት ደግሞ ማን ይመስሉሻል? አባዬ! ወንበራቸውን አምጥተው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ራዲዮ «እኔ ላያቸው ብቻ ነው» ስትል «እጅሽን አሳዪኝ» ብለው ይፈትሿታል።

በዚህ ሁኔታ አደጉልን። በየቀኑ ወደ መስኮቱ እንዳይጎብጡ አዞራቸዋለሁ፤ ግንዳቸው እንዲጠነክር በመዳፌ ጫፋቸውን እየዳበስኩ እንደ ነፋስ አወዛውዛቸዋለሁ። ከፍ ሲሉ ከአልጋሽ በላይ ሆኑ፣ ከክፍልሽም በላይ ሆኑ። ውጪውን እንዲለምዱ ጓሮ አውጥቼ፣ የገለባ እስር ዙሪያቸውን ደርድሬ፣ ከላይ በመስታወት መክደን ነበረብኝ። እንግዲህ ያልነገርኩሽ ይኸው ነው። የብርጭቆ ቁም ሳጥንሽን የመስታወት በሮች ከነማጠፊያቸው ፈታኋቸው። ልክክ ብለው ገጠሙ እትዬ፣ የተለኩለት ነው የሚመስለው! ሳህኖችሽ ደህና ናቸው፤ በሌላ ቦታ በጨርቅ ተጠቅልለው ተኝተዋል።

ልንተክል ሁለት ቀን ሲቀረን አንድ ከሰዓት ሰማዩ ጥርት አለ፣ ነፋሱም ቆመ። አባዬ ደጃፍ ወጥተው አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀስረው «ውርጭ ይሸተኛል» አሉ። ችግኙን ወደ ቤት እንዳንመልሰው በዝቶብናል፤ ክፍልሽ ግማሹንም አይችል። ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ አወጣን፣ የሠርግሽን ጭምር። አባዬ ግን ኮታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን አንስተው ዳገቱን ይዘው ሄዱ። ራዲዮ «ሲሞቱ ላለማየት ነው የሄደው፣ ልቡ ስስ ነው» አለችን። እኔም አምኛት ነበር።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል የጋሪ ድምፅ ሰማን። ጡብ ሠሪው ፈረሱን ይጎትታል፤ አባዬ ከላይ ጆንያ መሐል እንደ ንጉሥ ተቀምጠዋል። ጆንያዎቹ ውስጥ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ከጡብ ማቃጠያው ምድጃ የወጣ ትኩስ ጡብ፣ በገለባ የተጠቀለለ። አባዬ ወገባቸው አይችልም የተባሉት ሰውዬ፣ ጡብ ሠሪው ይመሰክራል፣ ከእሱ እኩል ነው የጫኑት። ጡብ ሠሪው ሲያወርድ እየሳቀ «እኔ እኮ በዚህ ጋሪ የዚህን ቤት ጭቃ ልወስድ ነበር፤ ጭራሽ ጡቤን አመጣሁላችሁ። እንደ እኔ ያለ ነጋዴ የት ይገኛል!» ይላል። ጡቦቹን ችግኙ ሳይነካ በየመሐሉ ደረደርናቸው፣ በሮችሽን ከደንን፣ የሠርግሽን ብርድ ልብስ ከላይ አለበስን።

ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ከመንገዱ ማዶ የጎረቤታችን ድንች ቅጠሉ ጠቁሮ ወድቋል። ብርድ ልብሱን የገፈፉት አባዬ ናቸው፣ በሩንም ያነሱት እሳቸው። ከሥሩ ሞቅ ያለ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ችግኞቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንድም የተኛ የለም! አባዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በሙሉ ድምፅ፣ «እንደምን አደራችሁ!» አሏቸው። እማዬ በተራዋ «ደህና አደርን በሉ እንጂ ልጆቼ» ብላ መለሰችላቸው። ራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ የምትናገረው አጣች፤ ይህ ራሱ በደብዳቤ የሚጻፍ ዜና ነው።

ትናንት ተከልን። ታችኛው ማሳ ሞላ፣ እትዬ፤ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከመንገዱ እስከ ወንዙ! ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አገዘን፤ የጡብ ሠሪውም ሚስት ሳትቀር ቀሚሷን ሰብስባ ገባችበት። መጨረሻ ላይ የተረፈው ችግኝ ሰው የተሻማበት፣ አንድ ለእኔ አንድ ለእኔ የተባለበት ሆነ። አምና የበሰበሰውን የሸጠልን ችግኝ ነጋዴ በመንገዱ ሲያልፍ ቆሞ አየና «ከየት ገዛችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ራዲዮ ምላሷ ተመልሶላት ስለነበር «ከመኝታ ቤት» አለችው። እስካሁን ገብቶት አይመስለኝም።

ሥራው ሲያልቅ አባዬ ጡብ ሠሪውን በሁሉም ፊት ጠሩት። «ቃሌን አጥፌብሃለሁ፣ ማረኝ» አሉት። ጡብ ሠሪው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ «አባት፣ እኔ የገባኝ ያን ዕለት ጡቡን ስንጭን ነው። ሰው ሊያስቆፍረው ለሚፈልገው መሬት ወገቡን አይሰብርም። እኔ ጭቃ አላጣም፤ ብቻ ሲደርስ ለሚስቴ ቲማቲም እንዳይቀርባት» አላቸው። ከዚያ በኋላ አባዬ ራሳቸው ዞረው አራቱንም ችካል ነቀሉ። የጣሏቸው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ወርጄ ሳይ ግን ማሳው መሐል ካሉት ረጃጅሞቹ አራት ቲማቲሞች አጠገብ ተክለዋቸዋል፤ ግንዶቹንም በዚያው በቀዩ ጨርቅ ላላ አድርገው አስረዋቸዋል።

አሁን ታዲያ ማን ይቻላቸው? ዛሬ ሻይ ቤት ተቀምጠው «ችግኜ» እያሉ ሲሰብኩ ዋሉ። ነገሩን ከመነሻው ያሰቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ረዳት ነበርኩ አሉ። የጺም መላጫ ኩባያዋን ግን የሚያነሷት የለም፤ እኔም አላነሳባቸውም። ላንቺ ብቻ ነው የጻፍኩልሽ፣ ለባለቤትሽ ብትነግሪው ግን አልከፋም።

ይህን ወረቀት ስትዘረጊው ቀስ በይ፤ በእጥፋቱ ውስጥ ከእማዬ የተላከ ዘር አለ። በረንዳሽ ላይ ሁለት ጣሳ ይበቃዋል። መቀነት ባይኖርሽ ያቺ የምትሳሺላት ሻርፕ ትሆንሻለች። ብቻ አደራ፣ አንድ ሰው ብቻ ያጠጣው። ልጆችሽ የአባዬ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ኩባያውን ደብቂባቸው። ስትመጪ ክፍልሽን ታገኚዋለሽ፤ በሮችሽንም እመልሳቸዋለሁ፣ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ብርድ። አልጋሽ ትንሽ አፈር አፈር ይሸታል። እማዬ አንሶላውን ደጋግማ አጥባዋለች፣ አልለቀቀም፤ እኔ በበኩሌ ባይለቅ ደስ ይለኛል።

ባለቤትሽን በአክብሮት እጅ ነሺልኝ። ትልቋን ልጅሽን በግንባሯ፣ ትንሹን በዚያ ጫማ በማይነካው እግሩ ሳሚልኝ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤትሽን፣ ስትታመሚ ሾርባ ያመጣችልሽን፣ እህቴ ታመሰግንሻለች በያት። እማዬ ትስምሻለች፤ እየበላሽ ነው ወይ ትላለች። ራዲዮ የምትልሽ ብዙ ነው፤ ወረቀቱ አይበቃም። አባዬ አጠገቤ ቆመው ምን እየጻፍሽ ነው ይሉኛል። ሰላም በይልኝ አሉ፤ ወገቤ ድኗል፣ ማሳውም አለ፣ ኑና እዩልኝ በያት ብለዋል።

ታናሽሽ

ከታችኛው ማሳ ዳር፣ ከቤታችን
በጸደይ መጨረሻ፣ በተከላው ማግሥት